ከጦሳ እስከ ጉቤት፦ በእሳተ ገሞራ ደሴት ላይ የአንድ ቀን የእግር ጉዞና ስኖርክሊንግ መመሪያ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

የደሴ ሰው ዳገት አያስፈራውም። ጦሳን ከደጁ እያየ አቀበት ቁልቁለት ሲመላለስ ያደገ እግር በአንዲት ትንሽ የእሳተ ገሞራ ደሴት ላይ የሁለት ሰዓት መውጣትና መውረድ አያንበረክከውም። ለኮምቦልቻ ሰውም የጎፍ አለለት። ደገኛን ባሕር ላይ የሚጥሉት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሙቀት፣ ሌላው ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ በቱቦ፣ በአፍ ብቻ መተንፈስ፣ ማለትም ስኖርክሊንግ። ሁለቱንም እዚሁ አገር ቤት ሆኖ መልመድ ይቻላል። ሳይለመዱ ከተሄደ ግን ብዙ ብር የወጣበት ቀን ጀልባ ላይ ተጋድሞ ያልፋል። ስለዚህ እዚህ ስለ እግር ጥቂት፣ ስለ ውሃና ስለ ሙቀት ብዙ ተጽፏል።

ወዴትና መቼ

ለወሎ ሰው የሚቀርበው የእሳተ ገሞራ ባሕር ጅቡቲ ውስጥ ነው። ድሮ የወሎ የባሕር መንገድ ወደ አሰብ ነበር፤ ዛሬ ለኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያመጡት መኪኖች በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርገው ጅቡቲ ይገባሉ። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በምዕራብ ጫፉ ወደ አንድ የተዘጋ ጎድጓዳ ባሕር ይገባል፤ ስሙ ጉቤት አል ኸራብ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ጋር የሚያገናኘው በር ከአንድ ኪሎ ሜትር ይጠብባል፤ ውስጡ ግን 200 ሜትር ገደማ ይጠልቃል። መሐሉ ላይ የቆመው ጥቁር ኮረብታ በፈረንሳይኛ የሰይጣን ደሴት፣ በአፋርኛ ጊኒ ኮማ ይባላል፤ ጊኒ የሚለው እኛ ጅኒ የምንለው ነው።

ቦታው እንዲህ ያለ መልክ የያዘው ምድር እየተሰነጠቀ ስለሆነ ነው። የደሴ ተራሮች የቆሙበት ጥቁር ድንጋይም እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ባሳልት ነው፤ እሱ ግን ከቀዘቀዘ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። በጉቤትና በአሳል ሐይቅ መካከል ያለው ገና ትኩስ ነው፤ አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ የፈነዳው በ1971 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነበር። ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል፦ የጦሳ ድንጋይ በዝናብና በዘመን ለዝቧል፣ የአርዱኮባው እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ይቆርጣል።

ወሩ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን። ከግንቦት እስከ መስከረም የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በክረምቱ ወራት ኸምሲን የሚባለው አቧራማ ደረቅ ነፋስም ይነፍሳል። በዚያ ወቅት ደሴት ላይ መውጣት ጀግንነት አይደለም፤ አይሞከር። ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ነጠብጣብ ያለበት ግዙፍና ሰው የማይነካ አሳ በአርታ ዳርቻ አካባቢ በብዛት የሚታየው ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ ለብዙ ሰው የሚመረጡት እነዚህ ሦስት ወራት ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። ይኸው ወቅት የነቢያት ጾም ነው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና። ጀልባ ላይ የጾም ምግብ ማግኘት አይከብድም፣ ሩዝና ምስር አይጠፋም። ችግሩ ጠዋት ሳይጠጡ መውጣት ነው። እስከ ቀትር ውሃ የማይቀምስ ሰው የደሴቱን ዳገት መውጣት የለበትም፤ ከመሄዱ በፊት የንስሐ አባቱን ያማክር። ለሙስሊም ወንድሞችና እኅቶችም ያው ነው፦ ረመዳን በዓመቱ እየተንሸራተተ በእነዚህ ወራት ላይ ሲወድቅ ቀኑን መቀየር፣ ካልሆነም ለመንገደኛ የተፈቀደውን መጠየቅ።

ስድስት ሳምንት ሲቀር

እግርን በሳምንት ሁለት ቀን ጦሳ ወይም የጎፍ ላይ ማሠራት ይበቃል። ትኩረቱ መውረዱ ላይ ይሁን፤ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጉልበት የሚፈትነው ሲወረድ ነው። ጀርባ ላይ 4 ሊትር ውሃ ይዛችሁ ውጡ፤ በዕለቱም የምትሸከሙት እሱኑ ያህል ነው።

ሙቀትን መልመድ ሌላ ሥራ ነው። ሰውነት ቶሎና ብዙ ማላብን፣ በላቡም ውስጥ ጨው መቆጠብን የሚማረው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ደሴ ላይ በጠዋት ብርድ ምንም ያህል ቢሮጥ ይህን አይማርም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ባቲ ደግሞ ከሁለቱም ዝቅ ብላ ወደ አፋር ሜዳ ታያለች። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በእርጋታ ይራመድ፤ የቻለ ባቲ ድረስ ይሂድ። አንዴ የተለመደ ሙቀት ደግሞ ወደ ብርድ ሲመለሱ በሁለት ሦስት ሳምንት ይረሳል፤ ስለዚህ ልምምዱ የመጨረሻው ሳምንት ድረስ ይቀጥል። ከተቻለም ጅቡቲ ከተማ ሁለት ቀን ቀድሞ መድረስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ዋና የማይችል ሰው በላይፍ ጃኬት ተንሳፍፎ ማየት ይችላል፤ ሆኖም ያለ ረዳት ውሃ ውስጥ መግባት ያለበት 200 ሜትር ሳያርፍ የሚዋኝና 10 ደቂቃ በጀርባው የሚንሳፈፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ልምምድ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይመረጣል፤ አንዱን ደረጃ የዘለለ ሰው ሦስተኛው ላይ ይደነግጣል።

1. በደረቅ፦ ማስኩን (ዓይንንና አፍንጫን የሚሸፍነውን የዋና መነጽር) አጥልቃችሁ፣ የመተንፈሻ ቱቦውን በአፋችሁ ይዛችሁ ቤት ውስጥ 10 ደቂቃ ተቀመጡ። አፍንጫ ሲታፈን አእምሮ "ታፈንኩ" ይላል፤ ይህ ስሜት የሚጠፋው በመደጋገም ነው። አተነፋፈሱ ረጅምና ዝግ ያለ ይሁን፤ ወደ ውስጥ እስከ አራት፣ ወደ ውጪ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ።

2. በሳፋ፦ ትልቅ የልብስ ሳፋ በውሃ ሞልታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ፊታችሁን ድፉ። መጀመሪያ 30 ሰከንድ፣ ከዚያ 2 ደቂቃ፣ በመጨረሻ 5 ደቂቃ። ይህን ንቆ ያለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ባሕር ላይ ጭንቅላቱን እያነሣ የሚደክመው ነው።

3. በገንዳ፣ ውሃው እስከ ወገብ፦ ቱቦውን ሆን ብላችሁ ውሃ አስገቡበትና "ቱ!" ብላችሁ በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ አስወጡ። ቀስ ብሎ መንፋት ውሃውን አያወጣውም፤ አየሩ በውሃው ጎን ሾልኮ ይወጣል። ከነፋችሁ በኋላ የመጀመሪያውን አየር በዝግታ ሳቡ፣ የቀረ ጠብታ ካለ ምላስ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ሁለተኛ "ቱ"። ይህን 20 ጊዜ።

4. ማስክ ውስጥ የገባን ውሃ ማስወጣት፦ ከውሃው በላይ ከሆናችሁ የታችኛውን ጠርዝ በጣት ከፍቶ ማፍሰስ ነው። ውሃ ውስጥ ከሆናችሁ የላይኛውን ጠርዝ ግንባር ላይ ጫን አድርጋችሁ፣ ቀና እያላችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ፤ አየሩ ውሃውን በታች ይገፋዋል።

5. ፊን (እግር ላይ የሚጠለቅ የዋና መቅዘፊያ)፦ ምቱ ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ ይመጣል፤ እግር ቀጥ ብሎ፣ ቁርጭምጭሚት ላልቶ። እንደ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ውሃ ያንቦጫርቃል እንጂ አይሄድም፤ ባቱንም ቁርጥማት ይይዘዋል። ቁርጥማት ከያዘ ተገልብጦ የፊኑን ጫፍ ወደ ራስ መሳብ።

6. ከጀልባ፦ ለዚህ ሐይቅ አለ፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ስለሚደርስ ላይፍ ጃኬት ሳይለብሱ አይገባም፤ አንድ ሰው ጀልባው ላይ ይቅር፣ 20 ሜትር ገመድም ይኑር። ሸንበቆና ቀንድ አውጣ ባለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ አትንቦጫረቁ፤ ቢልሃርዚያ በቆዳ የሚገባው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ከመሐል ገብታችሁ ከመሐል ውጡ፣ ወዲያው ገላችሁን በፎጣ አድርቁ። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ፊት ለፊት መዋኘት ደግሞ አይገባም፤ ቦታው የጸሎት ነው።

ሐይቅ ላይ የሠራ ሰው ባሕር ላይ ደስ የሚለው ነገር ይጠብቀዋል፦ ጨዋማው ውሃ ጨው ከሌለው የበለጠ ያንሳፍፋል። የሚከፋው ግን ጨዉ ዓይንና ጉሮሮ ማቃጠሉ ነው። አንድ ጉንጭ የባሕር ውሃ የዋጠ ሰው ከሐይቁ የበለጠ ይደነግጣል፤ ስለዚህ ሦስተኛው ልምምድ ላይ አትቆጥቡ።

ማስክ፣ ቱቦ፣ ፊን

ከጀልባው የሚሰጠውን ፊን መጠቀም ይቻላል። ማስክ ግን የራስ ይሁን፤ ፊት እንደ ጣት አሻራ ይለያያል። ሲገዙ መፈተኛው ቀላል ነው፦ ማሰሪያውን ወደ ፊት አጥፎ ማስኩን ፊት ላይ አስጠግቶ፣ በአፍንጫ ትንሽ አየር ስቦ እጅን መልቀቅ። ሳይወድቅ 5 ሰከንድ ከቆየ ልክ ነው። ከወደቀ ማሰሪያ በማጥበቅ አይስተካከልም፤ ማጥበቅ እንዲያውም ጠርዙን አጣሞ የበለጠ ያስፈስሳል። ጠርዙ ሲሊኮን፣ መስታወቱም እውነተኛ ጠንካራ መስታወት ይሁን፤ ፕላስቲክ ይጫራል፣ ቶሎም ይደበዝዛል።

ውሃ የሚያስገቡት ነገሮች ሁልጊዜ እነዚሁ ናቸው፦ ጢም፣ የፀጉር ዘለላና በጠርዙ ሥር የገባ ሻሽ። ሹሩባ የተሠራች ሴት የግንባሩን ጉንጉን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ ታሲዝ፤ ወንድ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ጢም አጠር አድርጎ ይቆረጥ።

አዲስ ማስክ መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ቅባት አለበት፤ እሱ ሳይወገድ ምንም ቢደረግ ጭጋግ ይይዛል። ነጭ የጥርስ ሳሙና በጣት አድርጋችሁ የውስጡን መስታወት 3 ደቂቃ ፈትጉ፣ እጠቡ፣ ሁለት ሦስቴ ድገሙ። በዕለቱ አንድ ጠብታ የሕፃናት ሻምፖ ቀባ አድርጎ ለአፍታ በውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። ምራቅም ይሠራል፤ ግን ማስኩ ደረቅ ሳለ ነው የሚቀባው።

ቱቦው አጭርና ቀጥተኛ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ረጅም ቱቦ ጠልቆ የሚያስተነፍስ የሚመስለው ሰው አለ፤ የውሃው ግፊት ደረትን ስለሚጫንና የተነፈሰው አየር ቱቦው ውስጥ ተመልሶ ስለሚሳብ አደገኛ ነው። ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን ማስክ ለጀማሪ አንመክርም፤ ርካሾቹ ውስጥ የተቃጠለ አየር ይጠራቀማል፣ ሲደነግጡም ቶሎ አይወልቅም።

ልብስን በተመለከተ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ሸሚዝና ሱሪ ከማንኛውም ክሬም ይሻላል። ቡርኪኒ የምትለብስ ሴት ይህን ጉዳይ ጨርሳዋለች፤ ከፀሐይም ከኮራልም፣ ማለትም ድንጋይ ከሚመስለው የባሕር እንስሳ፣ ይጠብቃታል። ነጠላም ሆነ ሰፊ ቀሚስ ግን ውሃ ውስጥ እግር ይጠልፋል። ለአንገት፣ ለእጅ ጀርባና ለጉልበት ኋላ 50 ቁጥር የፀሐይ ክሬም ከመውጣት ግማሽ ሰዓት በፊት ይቀባ፤ ደገኛ ጀርባው ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲቃጠል አይሰማውም፣ ማታ ነው የሚያውቀው።

ጀልባው ሳይከፈል የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጉቤት ከሚዞሩት ጀልባዎች ብዙዎቹ ተሳፋሪ የሚያድርባቸው ናቸው፤ ዋጋቸውም መልካቸውም ይለያያል። ከመክፈል በፊት፦ ለያንዳንዱ ሰው በልኩ ላይፍ ጃኬት አለ ወይ? ከትልቁ ጀልባ ሌላ ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ አለች ወይ? ሬዲዮና ኦክስጅን አለ ወይ? ስኖርክል ሲደረግ ውሃ ውስጥ የሚገባ መሪ አለ ወይስ "ዝለሉና እዩ" ነው? ለአንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር የመጠጥ ውሃ ተይዟል? ከ5 ሊትር በታች ካሉ የራሳችሁን ጨምሩ። መልስ የሚያድበሰብስ ጀልባ ላይ አትውጡ።

ፓስፖርት፣ ቪዛና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ቀድመው ይለቁ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ ስለሚሆን ድንበር ላይ ሲመነዝሩ ሒሳቡን በዚህ ያዙ። በመኪና የሚሄድ ሰው የመንገዱን ሁኔታ ኮምቦልቻ ላይ ከከባድ መኪና ሹፌሮች ይጠይቅ፤ ከነሱ የተሻለ የሚያውቀው የለም። በአየር የሚሄድ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅቡቲ ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ግን ጀልባ የምታስቀር ነገር፦ ጅቡቲ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ትቆጥራለች፣ አቆጣጠሩ ግን ከእኩለ ሌሊት ነው። "በ7 እንነሣለን" ካሏችሁ የእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። በስልክ አማርኛ የሚናገር ሰው ቢያነጋግራችሁም "በማን አቆጣጠር?" ብላችሁ አረጋግጡ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ቀኑ

*ከሌሊቱ 11 ሰዓት።* ተነሡና ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጡ። ባሕር የሚያዞረው ሰው የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ጀልባው ከመንቀሳቀሱ አንድ ሰዓት በፊት ይዋጥ፤ ካዞረ በኋላ የተዋጠ ብዙም አይረዳም። መድኃኒቱ ያስተኛል፤ ስለዚህ አገር ቤት አንድ ቀን ሞክሩት። ቁርስ ቀለል ይበል፦ በሶ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም ዳቦና ሙዝ። ቅባትና በርበሬ የበዛበት ፍርፍር በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ይመለሳል። ጫት በዚህ ቀን አይነካ፤ ልብን ያስሮጣል፣ የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ ጥማትንም ይደብቃል።

*ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ወደ ደሴቱ መውረድ።* ትንሿ ጀልባ ዳርቻው ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ሞገዱን ቁጠሩ፤ ከፍ ከፍ ያሉት ካለፉ በኋላ ነው የሚወረደው። ፊታችሁን ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ መሬቱ አድርጉ፣ የሠራተኛውን እጅ ክንድ ለክንድ ያዙ፣ አንድ እግር ሳይደላደል ሌላውን አታንሡ። ውሃ ውስጥ ተረግጦ የሚወረድ ከሆነ የጉዞ ጫማ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ፣ በእግር የፕላስቲክ ጫማ። ባዶ እግር አይሆንም፤ የባሕር ጃርት እሾህና ድንጋይ የሚመስለው መርዛማ አሳ ስቶንፊሽ ጥልቀት በሌለው ቦታ ነው ያሉት። ሞገዱ ካየለ ካፒቴኑ "አይወረድም" ይላል። ክርክር አያስፈልግም፤ ተለዋጩ በዋናው መሬት በኩል ወጥቶ የአርዱኮባን የቀለጠ ድንጋይ ሜዳ በእግር ማየት ነው፣ እሱም ከደሴቱ አያንስም።

*መውጣቱ።* ጥርጊያ መንገድ አትጠብቁ። ቁልቁለቱ የተፈረካከሰ ድንጋይና ልቅ ጠጠር ነው፤ ሁለት እርምጃ ወጥቶ አንድ መንሸራተት የተለመደ ነው። እርምጃውን አሳጥሩ፣ የጫማውን ጫፍ ጠጠሩ ውስጥ ሰካ አድርጉ፣ ቀጥ ብላችሁ ሳይሆን እየተጠማዘዛችሁ ውጡ። አንዱ ከሌላው በላይ በአንድ መስመር አይውጣ፤ ከላይ የተነቀለ ድንጋይ ታች ያለውን ይመታል። ድንጋይ ያመለጠው ሰው "ድንጋይ!" ብሎ ይጩህ።

ጫማው ውፍረት ያለው ሶል ያለውና የተዘጋ ይሁን፤ ሸራ ጫማን ባሳልት በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛ የሠራተኛ ጓንት ጥንድ ያዙ፤ ሲንሸራተቱ እጅ ራሱ ነው ድንጋዩን የሚይዘው፣ ባዶ እጅም ይቆረጣል። ያልነቃነቃችሁትን ድንጋይ አትመኑ።

በየ20 ደቂቃው አንድ ሩብ ሊትር ገደማ ጠጡ፤ ሳይጠማችሁ። ከአራቱ ሊትር አንዱ ኦአርኤስ (በላብ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) የተበጠበጠበት ይሁን፣ አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር። ፓኬት ከሌለ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ። ደገኛ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ዳገቱ ስለማያደክመው ውሃ አያምረውም። ባሕር ጠለል ላይ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ትንፋሽ ይቀላል፣ እግሩም ይፈጥናል፤ ሙቀቱ ግን ዝም ብሎ ይጠራቀማል። እየተንጫጫ ሲወጣ የነበረ ጓደኛ ዝም ካለ፣ ከተናደደ ወይም ከተደናቀፈ አስቁሙት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ብርድ ብርድ ማለት ከታየ ጉዞው አብቅቷል፦ ጥላ፣ ውሃ፣ ልብስ ማራስ፣ ማራገብ። መዘባረቅ ወይም ራስን መሳት ከመጣ ደግሞ ያገኛችሁትን ውሃ፣ የባሕሩንም ቢሆን፣ ገላው ላይ እያፈሰሳችሁና እያራገባችሁ ጀልባውን ጥሩ፤ በአፍ ምንም አትስጡት።

*ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ መውረድ።* የትም ብትደርሱ በዚህ ሰዓት ተመለሱ። ጥቁር ድንጋይ ፀሐይ እንደወጣች መጋል ይጀምራል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ይመጣል። በልቅ ጠጠር ላይ ጉልበት ታጥፎ፣ ተረከዝ ቀድሞ። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተበተነ ደቃቅ ጠጠር ግን እንደ በቆሎ ፍሬ ይንከባለላል፤ እዚያ ላይ ሙሉ እግር፣ እርምጃው አጭር።

*ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ ዕረፍት።* ብዙ ሰው ላቡን ሳያደርቅ ይዘላል። እንዲህ አታድርጉ፤ የሚያለከልክ ሰው በቱቦ መተንፈስ አይችልም፣ የደከመ ባትም ቁርጥማት ይይዘዋል። ሙሉ አንድ ሰዓት ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ ቆሎ ቆርጥሙ፣ ጠጡ። ሽንታችሁ ወደ ብርቱካንማ ካደላ ገና አልጠጣችሁም።

*ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ውሃ ውስጥ።* ፀሐይ ከፍ ስትል ብርሃን ወደ ታች ይገባል፤ ኮራሉ ቀለሙን የሚያሳየው አሁን ነው። ከመግባት በፊት ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እዩ፦ ቁራሽ ዳቦ ጣሉና ተከታተሉ። መጀመሪያ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ዋኙ፣ ሲደክማችሁ እየገፋ ይመልሳችሁ። ተቃራኒውን ያደረገ ሰው በደከመበት ሰዓት ከውሃው ጋር ይታገላል። የጉቤት መግቢያ በር ላይ ማንም እንዳይገባ፤ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ያን ሁሉ ውሃ የሚያስተላልፈው ያ ጠባብ በር ስለሆነ ግፊቱን የሚችል ዋናተኛ የለም።

ፊን ተደርጎ አይራመዱም፤ ከጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እዚያው ማጥለቅ፣ ማስኩን በእጅ ይዞ ቀስ ብሎ መንሸራተት ነው። ሞተሩ መጥፋቱን አረጋግጡ። እንደገባችሁ ወዲያው አትዋኙ፤ መሰላሉን ወይም ገመዱን ይዛችሁ ፊታችሁን ደፍታችሁ 20 ጊዜ ተንፍሱ። በሳፋ የተለማመዳችሁት ትንፋሽ ሲመለስ ልቀቁ። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ሂዱ፣ በየደቂቃው ጓደኛችሁን እዩ። የመጀመሪያው ዙር ከ30 ደቂቃ አይብለጥ።

አቋቋሙ ተጋድሞ ነው፦ ዳሌ ከፍ፣ ዓይን ወደ ታችና ትንሽ ወደ ፊት። ኮራል ላይ መቆም አይገባም፤ እንስሳ ነው፣ ለማደግ ብዙ ዓመት የፈጀበትን አንድ እርግጫ ይሰብረዋል፤ የሚቆርጠውም ቁስል ቶሎ ያመረቅዛል። እጅን ማጣመር ጥሩ ልማድ ነው። መጥለቅ የሚፈልግ አፍንጫውን ይዞ ቀስ ብሎ በመንፋት ጆሮውን በየሜትሩ ያስተካክል፤ ጉንፋን ያለበት አይጥለቅ። ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በፍጥነት መተንፈስ ግን ፈጽሞ አይደረግም፦ የመተንፈስ ፍላጎትን ያጠፋና ሰው ሳያውቀው ውሃ ውስጥ ራሱን እንዲስት ያደርጋል።

ዌል ሻርክ ከመጣ ከጎኑ ሁኑ። ከሰውነቱ 3፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ራቁ፤ አትንኩ፣ ፊቱን አትዝጉ፣ ብልጭታ አታብሩ። የሚበላው በውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ፍጡራን ስለሆነ እሱ ባለበት ውሃው ደብዘዝ ይላል፤ ማስኩ የተበላሸ መስሏችሁ አታውልቁ።

ስትመለሱ መሰላሉን በአንድ እጅ ይዛችሁ ፊኑን አንድ በአንድ አቀብሉ። ማስኩ ግን ጀልባው ላይ እስክትወጡ ከፊት አይነሣ፤ ብትወድቁ ማየት አለባችሁ።

ከቀትር በኋላ ብዙ ጊዜ ነፋስ ይነሣል። ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ጸጥ ካለ ሁለተኛ አጭር ዙር። የበረደው ወይም የሚንዘፈዘፍ ሰው አይድገም፤ ለብ ባለ ውሃም ረጅም ሲቆዩበት ሰውነት ሙቀቱን ያጣል።

የተወጋ ሰው

ስቶንፊሽ ወይም ላየንፊሽ የሚባለው ሌላ እሾሃም መርዛማ አሳ የወጋው ሰው ሕመሙ ያስጮኸዋል። የቆሰለውን ክፍል ሙቅ ውሃ ውስጥ አስገቡ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፤ ውሃውን ያልቆሰለው እጁ አስቀድሞ ይፈትነው፣ ሕመም ላይ ያለ እግር መቃጠሉን አያውቅምና። ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይቆይ፤ መርዙ በሙቀት ስለሚበላሽ ሕመሙ ይቀላል። ስቶንፊሽ ከሆነ ሐኪም ቤት የግድ ነው። የባሕር ጃርት እሾህ ከላይ የሚታየው በጉጠት ይነቀላል፤ የተቀበረውን በመርፌ መቆፈር ሰባብሮ ያስቀረዋል። በኮራል የተጫረ በንጹሕ ውሃና ሳሙና ታጥቦ በደንብ ይፈተግ፤ የቀረ ቅንጣት ነው የሚያመረቅዘው።

ወደ ደጋ መመለስ

ማስክ፣ ቱቦና ፊን ጨው በሌለው ውሃ ታጥበው ጥላ ላይ ይድረቁ። ጥቁር ጎማና ነጭ ሲሊኮን አንድ ከረጢት ውስጥ አይታጨቁ፤ ነጩ ይበላሻል።

በቱቦ ብቻ የዋኘ ሰው በዚያው ቀን መኪናም አውሮፕላንም መሳፈር ይችላል። ጀልባው ላይ ሳሉ ግን አንዳንዶች "አንድ ጊዜ በሲሊንደር ልጥለቅ" ይላሉ። ለነሱ ሒሳቡ ይለያል፦ የታመቀ አየር የተነፈሰ ሰው ደም ውስጥ ናይትሮጅን ይቀራል፤ ወደ ከፍታ ሲወጣ ያ ጋዝ እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ ይፈላና መገጣጠሚያንና ነርቭን ይጎዳል። ጅቡቲ ባሕር ጠለል ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር፤ ሽቅብ መንዳትም ከመብረር አይለይም። በሲሊንደር የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ ይልቁንም ሙሉ ቀንና ሌሊት ጅቡቲ ከተማ አርፎ ይነሣ፤ የመመለሻ ትኬቱም ሲቆረጥ ይህ ቀን ከወዲሁ ይታሰብ።